ግዙፉ መሣሪያና ከእጁ የሚያመልጡት ቀላል ቅንጣቶች

ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. እኛ የሚሊኒየሙን ዓመት ለመሸኘት ሽር ጉድ ስንል፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ከመሬት በታች በተቆፈረ የ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ውስጥ የመጀመሪያው የፕሮቶን ጨረር ሙሉ ዙር ዞረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የሚባለው ይህ የቅንጣት ማጋጫ በዘጠነኛው ቀን የኤሌክትሪክ ብልሽት ገጥሞት፣ የማቀዝቀዣ ሂሊየሙ ፈስሶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆሟል። ጁላይ 4 ቀን 2012 ግን የሂግስ ቦሶን መገኘት ከዚያው ተበሰረ። በ1954 የተመሠረተው የመሣሪያው ባለቤት፣ ሰርን በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ከቤተ ሙከራ አልፎ የሰፊው ሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ሲወራ ዘወትር የሚነሱት ከባድ ቅንጣቶች ናቸው። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ማጋጫ የተሠራውም በዋናነት ለእነሱ ነው። ነገር ግን በዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ብዙም ሳይወራለት፣ ሌላ ፍለጋ ሲካሄድ ቆይቷል። የሚፈለጉት መኖራቸው ያልተረጋገጠ፣ ካሉ ግን መጠነ ቁሳቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ ቅንጣቶች ናቸው። ቀላል የምንላቸው በክብደታቸው ነው እንጂ ፍለጋቸውስ ከከባዶቹም ብሷል።

«ቀላል» ሲባል ምን ያህል ነው?

የቅንጣት ተመራማሪዎች ክብደትን የሚገልጹት በግራም ሳይሆን በኤሌክትሮን ቮልት ነው። በአንስታይን ቀመር መሠረት መጠነ ቁስና ኃይል እርስ በርስ ስለሚመነዘሩ አንዱን በሌላው መስፈሪያ መስፈር ይቻላል። በዚህ መስፈሪያ ኤሌክትሮን 511 ሺህ፣ ፕሮቶን 938 ሚሊዮን፣ ሂግስ ቦሶን 125 ቢሊዮን ገደማ ይመዝናሉ። ከሚታወቁት ቅንጣቶች ሁሉ የሚከብደው ቶፕ ኳርክ ደግሞ 173 ቢሊዮን ገደማ ነው። በአንጻሩ በ2022 በተጀመረው ሦስተኛው የሥራ ዙር ማጋጫው ሁለት ፕሮቶኖችን ያላተመበት ኃይል 13.6 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በዚህ ጽሑፍ ቀላል የምንላቸው ከጥቂት ሚሊዮን ጀምሮ አንድ መቶ ቢሊዮን እስኪጠጉ ድረስ ያሉትን ነው። ክልሉ ሰፊ ይሁን እንጂ በማጋጫው ጉልበት ሲመዘኑ ሁሉም ላባ ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለቀላል ነገር ይህን የሚያህል መሣሪያ ምን ያደርጋል? መርፌ ለመፈለግ ዶዘር ማስነሳት አይሆንም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። ቀላል ቅንጣት ለመፍጠር ብዙ ኃይል እንደማያስፈልግ እውነት ነው። እስካሁን ካልተገኘ ግን ያልተገኘው ኃይል አንሶን ሳይሆን፣ እኛ ከምናውቀው ቁስ ጋር የሚያደርገው መስተጋብር እጅግ ደካማ ስለሆነ ነው። ጠንካራ መስተጋብር ቢኖረው ኖሮ በቀደሙት ትንንሽ መሣሪያዎች ድሮ ተይዞ ነበር። መስተጋብሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ በሚሊዮንና በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ግጭቶች መካከል አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉ ነገር የግጭት ብዛት ነው፤ ትልቁ ማጋጫም ግጭት በገፍ ያመርታል። ሌላም ምክንያት አለ። ከባዶቹ ቅንጣቶች ሲፈራርሱ ቀላሎቹን ሊወልዱ ይችላሉ። ሂግስን መፍጠር ያልቻለ መሣሪያ የሂግስን ልጆች አያይም።

መላምቱ ከየት መጣ?

የዚህ ቤተሰብ ታላቅ አክሲዮን ይባላል። የባንክ አክሲዮን መስሎት የተደሰተ አንባቢ ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይኼኛው ከተወለደ ጀምሮ የትርፍ ድርሻ ከፍሎ አያውቅም።

ነገሩ የተነሳው ከኒውትሮን ነው። ኒውትሮን በጥቅሉ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም። በውስጡ ያሉት ኳርኮች ግን ቻርጅ አላቸው። ንድፈ ሐሳቡ እንደሚለው ከሆነ በኒውትሮኑ ውስጥ ፖዘቲቩ ወደ አንድ ወገን፣ ኔጋቲቩ ወደ ሌላው ወገን በጥቂቱ ቢያዘነብል የሚከለክለው ነገር የለም። ሲለካ ግን ዝንባሌው ጭራሽ አልታየም። ካለም ንድፈ ሐሳቡ ሊፈቅድ ከሚችለው በ10 ቢሊዮን እጅ የሚያንስ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ በየፊናቸው ከጎተራ የዘገኑት እህል ሚዛን ላይ ሲወጣ እኩል በእኩል ቢሆን፣ «እዚህ ውስጥ የገባ ሌላ እጅ አለ» ማለት አይቀርም። በ1977 ሮቤርቶ ፔቼይና ሔለን ክዊን ይህን ሚዛን ሊያስተካክል የሚችል ዘዴ አቀረቡ። በ1978 ደግሞ ስቲቨን ዋይንበርግና ፍራንክ ዊልቼክ በየግላቸው፣ ዘዴው ትክክል ከሆነ አንድ አዲስ ቀላል ቅንጣት የግድ መኖር እንዳለበት አሳዩ። ስሙን ያወጣለት ዊልቼክ ሲሆን፣ የወሰደውም ከአንድ የአሜሪካ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ችግሩን አጥቦ ያጸዳል ለማለት።

የመጀመሪያው ዓይነት አክሲዮን ብዙ አልቆየም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሙከራ ተመርምሮ ውድቅ ሆነ። የተተኩት በሁለት ጎራ ተከፈሉ። አንደኛው ጎራ ቅንጣቱን እጅግ በጣም ቀላል ስላደረገው የማጋጫዎች ነገር አይደለም፤ በሌላ ዓይነት መሣሪያ፣ በጠንካራ ማግኔቶች ይፈለጋል። ሁለተኛው ጎራ «አክሲዮን መሰል» የሚባሉትን ይዟል። እነዚህ ወደ ሁለት ፎቶን፣ ማለትም ወደ ሁለት የብርሃን ቅንጣት፣ የመፈራረስ ጠባያቸውን ይዘው ክብደታቸው ግን በነጻ የተተወ ነው። ማጋጫዎች የሚያሳድዱት እነዚህን ነው።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ የዳርክ ማተር፣ የጥቁር ቁስ ጥያቄ አለ። በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ካለው ቁስ ከመቶ 85 ያህሉ ብርሃን የማያመነጭ፣ የማይመልስም ነው። መኖሩ የታወቀው በስበቱ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ይህ ቁስ ከፕሮቶን በብዙ እጥፍ ከሚከብድ ቅንጣት የተሠራ ነው ብለው ሲገምቱ ኖረዋል። ትልቁ ማጋጫ ከባዱን ፈልጎ እያጣ ሲሄድ ግን ዓይን ወደ ታች መመለሱ አልቀረም። ቦብ ሆልደም በ1986 ያቀረበው ሐሳብም ያን ጊዜ ገበያው ደራ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ እኛ የማናየው የቅንጣት ዓለም ካለና የራሱ «ብርሃን» ካለው፣ ያ ብርሃን ከእኛ ብርሃን ጋር በእጅጉ በጥቂቱ ሊቀላቀል ይችላል የሚል ነው። በሁለት ግቢ መካከል ባለ አጥር ላይ እንደ ቀረች ቀዳዳ መሆኑ ነው። ይህ መላምታዊ ቅንጣት ጥቁር ፎቶን ይባላል። መጠነ ቁስ ካለውም ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ወይም ወደ ሁለት ሙዮን ሊፈራርስ ይችላል። ያን ጊዜ በቀዳዳዋ ያለፈው ነገር ወደ እኛ ግቢ ገባ ማለት ነው።

ደረሰኝ የሌለው ወጪ

የማይታይን ነገር መፈለጊያው የመጀመሪያ ዘዴ ከሂሳብ ምርመራ ጋር ይመሳሰላል። ከትልቁ ማጋጫ በፊት፣ ከ1989 እስከ 2000፣ በዚያው የ27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ሌፕ የሚባል መሣሪያ ኤሌክትሮንን ከፖዚትሮን ያጋጭ ነበር። አራቱ ሙከራዎቹ 17 ሚሊዮን ያህል ዜድ የተባሉ ቅንጣቶችን ሰበሰቡ። ዜድ እንደተፈጠረ ወዲያው ይፈራርሳል። የሚፈራርስበት በር በበዛ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ደግሞ መጠነ ቁሱ ሲለካ በግራፉ ላይ የሚሠራው ጉብታ ይሰፋል። ተመራማሪዎቹ የጉብታውን ስፋት በጥንቃቄ ለኩ። ከዚያ ላይ የሚታዩትን በሮች ሁሉ አንድ በአንድ ቀነሱ። የተረፈው፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ፣ ለስንት ዓይነት ኒውትሪኖ ይበቃል ተብሎ ሲሰላ 2.984 መጣ፤ የልኬቱ የስህተት ልክ 0.008 ነው። ሦስት ማለት ነው። የሚታወቁት ኒውትሪኖዎችም ሦስት ናቸው።

ይህች ቁጥር ያደረገችውን ልብ ይሏል። አንድም አዲስ ቅንጣት ሳይታይ፣ ዜድን ደህና አድርገው ይነካሉ የተባሉ በርካታ መላምታዊ ቀላል ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ተሰረዙ። በእኛ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የረቀቀው ይህ ነው። ታዋቂነቱ ግን ከሂግስ ጋር አይወዳደርም።

ተመሳሳዩ ምርመራ በሂግስ ላይም ተካሂዷል፤ ሂሳቡ ግን ገና አልተዘጋም። የትልቁ ማጋጫ አንዱ ሙከራ የሆነው አትላስ በ2023 ባወጣው ውጤት፣ ወደማይታይ ነገር የሚፈራርሱ የሂግስ ቅንጣቶች ከመቶ 10.7 እንደማይበልጡ፣ 95 በመቶ በሆነ የእርግጠኝነት ደረጃ ገልጿል። ገልብጠን ስናነበው፣ ከመቶ ሂግስ አምስቱ ወይም ስድስቱ የትም ዱካ ሳይተዉ ወደ ቀላል ቅንጣት ቢሄዱ መሣሪያው እስካሁን «አይሆንም» ለማለት አልበቃም። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ባለው ሂሳብ ላይ የሚፈርም ኦዲተር ያለ አይመስለንም።

ታይተው የጠፉ

ፍለጋው ሐሰተኛ ደስታዎችም ነበሩበት። በ1984 በጀርመን ሃምቡርግ፣ ክሪስታል ቦል የተባለ መሣሪያ የያዙ ተመራማሪዎች በ8.3 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጉብታ ማየታቸውን አስታወቁ። ዜታ ተባለ። ሂግስ ሊሆን ይችላል ተብሎም ብዙ ተወራ። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ጉብታው የለም። ከ28 ዓመት በኋላ የተገኘው እውነተኛው ሂግስ ከዚያ በ15 እጥፍ የሚከብድ ሆነ።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚሰቅለው የ2005ቱ ነው። በአሜሪካ ቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው ፌርሚላብ፣ ሃይፐር ሲፒ የተባለው ሙከራ ሲግማ የሚባለው ቅንጣት ወደ ፕሮቶንና ሁለት ሙዮን ሲፈራርስ ያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። በሦስቱም ጊዜ የሁለቱ ሙዮኖች ድምር መጠነ ቁስ በ214.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ተገጣጠመ። ሲግማው በመጀመሪያ አንድ ቀላል ቅንጣት ወልዶ፣ ያ ቅንጣት ወደ ሁለቱ ሙዮኖች ቢፈራርስ የሚጠበቀው ልክ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ሦስት ክስተት ደግሞ ለማመንም ለመካድም አይበቃም። ማጋጫዎቹ አጣሩ፤ ንድፈ ሐሳበኞቹም የሂግስ ቀላል ዘመድ ሊሆን ይችላል እያሉ ጻፉ። በመጨረሻ የትልቁ ማጋጫ ሌላ ሙከራ የሆነው ኤልኤችሲቢ በ2018 ያንኑ የሲግማ መፈራረስ ወደ አስር በሚጠጉ ክስተቶች አይቶ ውጤቱን አሳተመ። መፈራረሱ እውነት ነው፤ በ214 ላይ የተከማቸ ነገር ግን አልታየም። ሃይፐር ሲፒዎች አልዋሹም። ያዩትን ነው የጻፉት። ዕጣ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይጫወታል፤ ይህን ለማወቅም 13 ዓመት ፈጀ።

የወንፊቱ ጣጣ

ቀላል ቅንጣት ተፈጥሮም ሳይታይ የሚያልፍበት ሌላ ምክንያት አለ። በትልቁ ማጋጫ የፕሮቶን እሽጎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ይህን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጥ የሚችል ኮምፒዩተር የለም። ስለዚህ ትሪገር የሚባል ፈጣን ማጣሪያ በቅጽበት እየወሰነ በሰከንድ ከአንድ ሺህ እስከ ጥቂት ሺህ የሚሆኑትን አስቀርቶ ሌላውን ለዘለዓለም ይጥለዋል። ማጣሪያው በተለምዶ የሚያስቀረው ኃይለኛ የሆነውን ነው። ሂግስን የመሰለ ከባድ ነገር ሲፈራርስ ፍንጣሪው ኃይለኛ ስለሆነ ይህ ብልህነት ነበር። ጤፍ ስሟን ያገኘችው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል፤ ለባቄላ በተሠራ ወንፊት ጤፍ የሚነፋ ሰው የሚደርስበትን ባለሙያ መጠየቅ አያስፈልግም። ከአፈሩ ጋር ትወርዳለች።

ይህን ለማሻሻል የተወሰዱት እርምጃዎች ብልሃት የታከለባቸው ናቸው። ሲኤምኤስ የተባለው ሙከራ ሙሉውን ክስተት ከመመዝገብ ይልቅ አጭር ማጠቃለያውን ብቻ እየያዘ በጣም ብዙ ክስተት የሚያስቀርበት መንገድ ዘረጋ። ፎቶግራፉን ትቶ ጉርድ ፎቶውን እንደማስቀመጥ ነው። ኤልኤችሲቢ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የመጀመሪያውን የሃርድዌር ማጣሪያ ጨርሶ አስወግዶ ውሳኔውን ለሶፍትዌር ሰጥቷል። ይኸው ሙከራ ከዚያ በፊትም ቢሆን ጥቁር ፎቶን ወደ ሁለት ሙዮን ሲፈራርስ ለማየት ከ214 ሚሊዮን እስከ 70 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ክልል አስሶ አላገኘም። በካሊፎርኒያ እስከ 2008 ይሠራ የነበረው ባባር የተባለው ሙከራም መረጃውን ከዓመታት በኋላ መርምሮ በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ውጤቶች ጥቁር ፎቶንን አላገኘም። የሙዮን ማግኔታዊ ጠባይ ከስሌት ጋር አልገጥም ያለው በጥቁር ፎቶን የተነሳ ነው የሚለው መላምት በቀላል መልኩ የተዘጋው በዚህና በሌሎች ተመሳሳይ ውጤቶች ነው።

አንድ ሌላ ዘዴ ደግሞ ጨርሶ ያለ ግጭት ይሠራል። በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ማጋጫው በፕሮቶን ፈንታ የእርሳስ አቶም እምብርት ያሽከረክራል። እያንዳንዱ እምብርት 82 ፕሮቶን ስላለው በዙሪያው የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ኃይለኛ ነው። ሁለት እምብርቶች ሳይነካኩ በቅርብ ሲተላለፉ ከመስካቸው የወጡ ሁለት ፎቶኖች ሊጋጩ ይችላሉ። ብርሃን ከብርሃን ጋር ሊላተም እንደሚችል ሃይዘንበርግና ኦይለር በ1936 አስልተው ነበር። አትላስ በ2019 ባወጣው ውጤት 59 እንዲህ ዓይነት ክስተቶችን ቆጠረ፤ በሌላ ተራ ምክንያት ይጠበቁ የነበሩት 12 ያህል ብቻ ነበሩ። ብርሃን ከብርሃን መላተሙ በዚህ ተረጋገጠ። አክሲዮን መሰል ቅንጣት ቢኖር ኖሮ ሁለቱ ፎቶኖች እሱን ፈጥረው፣ እሱም መልሶ ወደ ሁለት ፎቶን ይፈራርስ ስለነበር በግራፉ ላይ ጉብታ ይሠራ ነበር። ጉብታ አልነበረም። ከ6 እስከ 100 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል የነበረው የመላምቱ ቦታ ከበፊቱ ጠበበ።

480 ሜትር ላይ የተቀመጠች ሣጥን

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ግጭቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ከበው የተሠሩ ባለብዙ ፎቅ መሣሪያዎች ናቸው። ዙሪያውን ይከቡ እንጂ ጨረሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ክፍት መሆን አለበት። ከባድ ቅንጣት ሲፈራርስ ፍንጣሪው በየአቅጣጫው ስለሚበተን በዚያ ቀዳዳ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ቀላል ቅንጣት ግን የሚወለደው ከተራ ቅንጣቶች፣ ለምሳሌ ከፓዮን ነው። ኃይለኞቹ ፓዮኖች የሚወረወሩትም ልክ በጨረሩ አቅጣጫ፣ በዚያችው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ግራ ቀኙን ሲጠብቅ ሌባው በዋናው በር ወጥቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

በ2017 ጆናታን ፌንግን ጨምሮ አራት የንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎች ይህን አስልተው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከአትላስ የግጭት ነጥብ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር፣ ጨረሩ በማግኔት ተጠምዝዞ ዋሻውን ተከትሎ ሲታጠፍ መስመሩ ግን ወደ ዓለቱ ይገባል። ወደ 100 ሜትር የሚሆን ዓለትና ኮንክሪት አልፎ፣ 480 ሜትር ላይ ሲደርስ ድሮ ሌፕ ይጠቀምበት የነበረ ባዶ መተላለፊያ ዋሻ ያገኛል። ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች በመንገድ ላይ ማግኔቶቹ ይጠመዝዛሉ፤ ሌሎቹን ዓለቱ ይውጣቸዋል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚደርስ ነገር ካለ መስተጋብሩ እጅግ ደካማ መሆን አለበት። የምንፈልገውም እሱኑ ነው።

ሙከራው ፌዘር ተባለ። በ2019 ተፈቀደ። ሁለት የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። የአትላስና የኤልኤችሲቢ መለዋወጫ ሆነው የተቀመጡ ክፍሎች ተለምነው ተገጠሙ። መሣሪያው ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም የዋሻው ወለል ተቆፈረ። ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ሲሆን የሚጠብቃት ክብ ስፋቷ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ ከምጣድ ታንሳለች። ከግጭቱ ነጥብ ሆኖ ለሚያይ ይህች ክብ ከጠቅላላው ዙሪያ ገባ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብትሸፍን ነው። ዳሩ ግን ጥሩ ቦታ ላይ የቆመ ዘበኛ አንድ ይበቃል።

ርቀቱም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝን ጥቁር ፎቶን በአንድ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ቢወረወር፣ በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ መሠረት ዕድሜው ለእኛ በ20 ሺህ እጥፍ ረዝሞ ይታያል። በዕድሜው ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዝ የነበረው ቅንጣት 200 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። አንዳንዱም ሣጥኗ ውስጥ ደርሶ ይፈራርሳል። የማጋጫው ግዙፍነት ለቀላል ቅንጣት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለመፍጠር ሳይሆን ዕድሜ ለመስጠት።

በ2022 ሥራ ጀመረ። በ2023 ያስታወቀው የመጀመሪያ ትልቅ ግኝት ግን ጥቁር ፎቶን ሳይሆን የታወቀው ኒውትሪኖ ነበር፤ 153 ክስተቶች። ነገሩ ለአንባቢ ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ማጋጫ ሁሉ ኒውትሪኖ ሲያመርት ኖሮ፣ በማጋጫ የተፈጠረ ኒውትሪኖ በቀጥታ ያየ ማንም አልነበረም። ሁሉም በዚያች ቀዳዳ እየወጡ ይሄዱ ነበር። ቀላል፣ ደካማ መስተጋብር ያለውና በእርግጥ የሚኖር ቅንጣት እንዲህ በገፍ ሊያመልጥ ከቻለ፣ የማናውቀውም ሊያመልጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። አምልጧል ማለት ግን አይደለም። በዚያው ዓመት ፌዘር የጥቁር ፎቶን ውጤቱንም አወጣ፤ የተገኘው ክስተት ዜሮ ነው። በዚህም ከ17 እስከ 70 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት የመላምቱ ክፍል ተዘጋ። በ2024 አክሲዮን መሰሎችን ፈልጎ አንድ ክስተት አገኘ። በተራ ምክንያት የሚጠበቀው 0.44 ስለነበር አንድ መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ሃይፐር ሲፒን ያስታወሰ በአንዲት ክስተት ከበሮ አይመታም።

የመጋዘኑ መረጃና የሚመጣው ዋሻ

አንዳንድ ጊዜ ፍለጋው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌፕ በ2000 ከተዘጋ በኋላ ሂግስ ከ114.4 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች የለም ተብሎ ነበር። በኋላ ግን «ሂግስ በመጀመሪያ ወደ ሁለት ቀላል ቅንጣት፣ እነሱም ወደ አራት ታው ቢፈራርሱስ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ያንን በወቅቱ በሚገባ የፈለገ አልነበረም። ከሌፕ አራት ሙከራዎች አንዱ የሆነው አሌፍ፣ መሣሪያው ፈርሶ ዋሻው ለአዲሱ ማጋጫ ከተሰጠ በኋላ፣ የቆየ መረጃው ወጥቶ እንደገና ተመረመረ። ውጤቱ በ2010 ታተመ። ምንም አልተገኘም፤ በሩ ግን ተዘጋ። መረጃው በአግባቡ ባይቀመጥ ኖሮ ጥያቄው እስከ ዛሬ ክፍት ይሆን ነበር። ሰነድ በየምድር ቤቱ ሲበሰብስ ለምናይ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያልተዘጋም አለ። ሌፕ በ98 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ትንሽ ትርፍ ክስተት አይቶ ነበር። ሲኤምኤስ በ2023 በ95.4 ቢሊዮን ላይ ወደ ሁለት ፎቶን የሚፈራርስ የሚመስል ጉብታ አሳየ። ጉብታው በዚያ ቦታ ብቻ ሲታይ 2.9 ሲግማ፣ የተፈተሸው ክልል በሙሉ ሲታሰብ ግን 1.3 ሲግማ ነው። አትላስም በዚያው ቦታ 1.7 ሲግማ አየ። በዚህ ዘርፍ ግኝት የሚባለው 5 ሲግማ ነው። የሂግስ ቀላል ታናሽ ወንድም ነው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ከዜታ ታሪክ የተማሩት ግን ዝም ብለው መረጃ ይቆጥራሉ። እኛ ከቆጣሪዎቹ ጋር ነን።

ወጪውን በተመለከተ ክርክሩ የጦፈ ነው። ሰርን በ2025 ባወጣው የአዋጭነት ጥናት፣ 91 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው አዲስ ማጋጫ ለመገንባት የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገደማ እንደሚያስፈልግ አስቀምጧል። የድርጅቱ ትልቋ ከፋይ ጀርመን በ2024 ገንዘቡ ከአቅም በላይ ነው ስትል ስጋቷን ገልጻ ነበር። ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት አንዱ ክርክር ይኸው የቀላል ቅንጣቶች ጉዳይ ነው። ሌፕ 17 ሚሊዮን ዜድ ሰብስቦ ያንን ሁሉ መላምት ከሰረዘ፣ አዲሱ ከ5 ትሪሊዮን በላይ ሰብስቦ ምን ሊያይ እንደሚችል አስቡት ይላሉ። የሰርን ምክር ቤት ውሳኔውን በ2028 ገደማ እንዲሰጥ ታስቧል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው በ2 ሚሊዮን ዶላርና በተለመነ መለዋወጫ የተሠራችውን የፌዘርን ሣጥን ይጠቅሳሉ። ሣጥኗ ግን ያለ 27 ኪሎ ሜትሩ መሣሪያ ባዶ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ብረት ናት።

ሰርን በመካከሉ በ2024 ሌላ ነገር አጽድቋል። ሺፕ የተባለው ይህ ሙከራ ፕሮቶንን ከፕሮቶን ማጋጨቱን ትቶ፣ የፕሮቶን ጨረር ጥቅጥቅ ባለ የብረት ዒላማ ላይ እንዳለ የሚደፋ ነው። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም ጋሻ፣ ከጋሻው ጀርባ ረጅም ባዶ ክፍል፣ ከክፍሉ ጫፍ ደግሞ መመርመሪያው ይቆማል። ጋሻውን አልፎ ባዶው ክፍል ውስጥ የሚፈራርስ ቀላል ቅንጣት ካለ እዚያ ይጠበቃል። ሥራውን በ2030ዎቹ መጀመሪያ እንዲጀምር ታቅዷል።